በሰው ወርቅ አይደምቁ፤ ስለ «የፊዚክስ ታዎ» እና ስለ ሕይወት ትርጉም ጥያቄ የቀረበ ሂስ

ሰሞኑን ከመመገቢያ አዳራሹ እስከ መኝታ ክፍል፣ ከሻይ ቤት ወሬ እስከ ግጥም ንባብ ምሽት አንድ አነጋገር ሥር እየሰደደ መጥቷል። «ኳንተም ፊዚክስ እንዳረጋገጠው…» ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንደ ተናጋሪው ነው። አንዱ «ሁላችንም አንድ ነን» ይላል፤ ሌላው «ሞት የሚባል ነገር የለም፣ ጉልበት አይጠፋምና» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ዓለም የምትኖረው እኛ ስናያት ነው» ብሎ ያሳርፈዋል። አድማጩም ዝም ይላል። አምኖ ሳይሆን ፊዚክስ የሚባለው ስም አስፈርቶት ነው ዝም የሚለው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ በጥያቄው ልንሳለቅ አላሰብንም። ለምን እንኖራለን ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ከመካከላችን ወንድሙን በጦርነት ያጣ አለ፤ ተምሮ ሲጨርስ ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ ሞልቷል፤ የወላጆቹ እምነት አልበቃ ያለው፣ የመምህሮቹም ትምህርት ያላጠገበው ጥቂት አይደለም። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ለእውነተኛ ጥያቄ የተውሶ መልስ መስጠት ደግሞ በደል ነው ብለን እናምናለን። ሂሳችን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

የመረጥነው መጽሐፍ የፍሪትዮፍ ካፕራ «የፊዚክስ ታዎ» ነው። ካፕራ በ1939 ቪየና ላይ የተወለደ፣ በ1966 ከዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ1975 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ከዚያ ወዲህ ኳንተምን ከነፍስ፣ ከጤናና ከሀብት ጋር የሚያጋቡ መጻሕፍት ብዙ ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ የዚህ መጽሐፍ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጆቹን ትተን አባትየውን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደካማውን ጥሎ ጀግና መባል አይቻልም። ካፕራ ፊዚክሱን ያውቃል፤ የሚጽፈውም ከልቡ ነው። እሱ ላይ የሚታይ ጉድለት ልጆቹ ላይ ብሶ እንጂ ተሽሎ አይገኝም።

መጽሐፉ የሚከፈተው በ1969 በደረሰ ገጠመኝ ነው። ደራሲው ውቅያኖስ ዳር ተቀምጦ ማዕበሉን ሲመለከት፣ የራሱንም ትንፋሽ ሲያዳምጥ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ እንደ አንድ ታላቅ ጭፈራ ሆኖ ይታየዋል። አሸዋውና ውሃው በሚንቀጠቀጡ አቶሞች የተሠሩ መሆናቸውን ከትምህርቱ ያውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ያወቀውን አየው። ጭፈራውም የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ጭፈራ ነው ብሎ ተቀበለ። ከዚያ መጽሐፉ በሦስት ክፍል ይሄዳል፦ በመጀመሪያ የፊዚክስ መንገድ፣ ቀጥሎ የምሥራቁ ዓለም የምሥጢር መንገድ፣ በመጨረሻም የሁለቱ መመሳሰል። የፊዚክስ ሊቅ የተናገረው ካንድ ወገን፣ መነኩሴ ወይም ቅዱስ መጽሐፍ የተናገረው ከሌላ ወገን ይቆምና፣ «ተመልከቱ፣ ሁለቱም ነገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፣ ሁሉም በእንቅስቃሴ ላይ ነው ይላሉ» እንባላለን። ሐሳቡ ሰሚ አላጣም። በ2004 የሕንድ መንግሥት ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ የጨፋሪውን ሺቫ ሐውልት ጄኔቭ አጠገብ ለሚገኘው ለሰርን የምርምር ጣቢያ ሲያበረክት፣ አብሮ በቆመው ሰሌዳ ላይ የካፕራ ቃል ተጽፎበታል።

ምስጋናውን እናስቀድም። በቅርፅ በኩል መጽሐፉ የተሳካ ነው። በቀመር ሳያደናቁር ኳንተም ፊዚክስ የወለደውን ድንጋጤ ለተራው አንባቢ ያደርሳል። ድንጋጤው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ፕላንክ በ1900 ጉልበት እንደ ወራጅ ውሃ ሳይሆን እንደ ጥራጥሬ በፍሬ በፍሬ እንደሚሰጥ ጠቆመ። አንስታይን በ1905 ብርሃንን ራሱን በፍሬ ቆጠረው። ደ ብሮይ በ1924 ነገሩን ገልብጦ፣ ቅንጣት የምንለውም የሞገድ ጠባይ አለው አለ። ሽሮዲንገር በ1926 የሞገዱን ቀመር ጻፈ። ሃይዘንበርግ በ1927 የአንድን ቅንጣት ቦታና ግስጋሴ ባንድ ጊዜ በፍጹም ጥራት ማወቅ እንደማይቻል አሳየ። ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ሁለት ቀዳዳ ባለው ግድግዳ ላይ ብንለቃቸው እያንዳንዱ ማዶ ባለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ነጥብ ይተዋል፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ግን የሞገድ ዝንጉርጉር ይሠራሉ። የትኛው በየትኛው ቀዳዳ እንዳለፈ የሚመዘግብ መሣሪያ ካቆምን ዝንጉርጉሩ ይጠፋል። ላፕላስ በ1814 የሳላት ዓለም፣ የዛሬ ሁኔታዋ ከታወቀ የነገው ሁሉ የሚሰላባት ዓለም፣ በዚህ ፈረሰች። ይህን አንብቦ ያልደነገጠ አላነበበውም ማለት ነው።

ሌላም ውለታ አለው። የእስያን ጥበብ እንደ ተረት ሳይሆን በቁም ነገር ሊጠና የሚገባው አስተሳሰብ አድርጎ አቅርቧል። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ የፊዚክስ ተማሪ ከግሪክ ወዲህ ፍልስፍና ያለ የማይመስለው ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነው። እስከዚህ ድረስ ከደራሲው ጋር ነን። ከዚህ በኋላ እንለያያለን።

አንደኛ፣ መመሳሰል ማስረጃ አይደለም። የእኛ የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅ ሲፈታ፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር የሚያያዝበትን ምክንያት ካላሳየ መምህሩ አይለቀውም። ካፕራ ግን ሁለት ሰሞችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ቅርጻቸው ስለተመሳሰለ ውስጣቸው ያለው ወርቅ አንድ ነው ይለናል። የፊዚክስ ሊቁ «አንድነት» ሲል ስለ ቀመር ነው የሚናገረው፤ መነኩሴው «አንድነት» ሲል በብዙ ዓመት ተጋድሎ ስለደረሰበት የልቡና ሁኔታ ይናገራል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ ነው?

እስቲ ዘዴውን እኛው እንሞክረው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ፕሮቶን በዋናነት በሦስት ኳርኮች የተሠራ አንድ አካል ነው፤ ሦስትነት በአንድነት! ስለዚህ ፊዚክስ ምሥጢረ ሥላሴን አረጋገጠ። አንድ ቅንጣት ከመለካቱ በፊት በሁለት ሁኔታ ተደርቦ ሊገኝ ይችላል፤ የእኛም መጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ይተረጉማሉ። ስለዚህ አንድምታ ኳንተም ነው። ጉድ እኮ ነው! «የፊዚክስ አንድምታ» የሚል መጽሐፍ ነገውኑ ልናሳትም እንችላለን፤ ገዢም አያጣም። ነገር ግን ሜሶን የሚባለው ቅንጣት ከአንድ ኳርክና ከአንድ ፀረ ኳርክ የተሠራ ነው፤ ሁለት ብቻ። ታዲያ ሜሶን መናፍቅ ሊባል ነው? ሥላሴን የሚያስተምሩ አባቶች ይህን ቢሰሙ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸውም ልክ ነው። እምነታቸው ከኳርክ ቁጥር ጋር የሚወጣና የሚወርድ አይደለም።

ይህ የመሳሳብ ጨዋታ በፊዚክስ ሊቃውንቱ መንደርም ነበር። መሬይ ጌልማን በ1961 ቅንጣቶችን የመደበበትን ሥርዓት ከቡድሃ ትምህርት ወስዶ «ስምንቱ መንገድ» ብሎታል። ስሙ ጨዋታ ነበር፤ ቁጥሩ ስምንት ስለሆነ ብቻ። ስሙን ሰምተው ቡድሃ ቅንጣቶቹን ያውቅ ነበር ለማለት የከጀሉ ግን አልጠፉም።

በዚህ ላይ ካፕራ «ምሥራቅ» የሚለው ነገር ራሱ አንድ አይደለም። የሻንካራ ተከታዮች የማይለወጥ፣ ዘላለማዊ አንድ ራስነት አለ ይላሉ፤ ብዙዎቹ የቡድሃ ሊቃውንት ደግሞ እንዲህ ያለ ዘላለማዊ ራስ የሚባል ነገር የለም ብለው ለዘመናት ተሟግተዋቸዋል። ሁለቱን ተከራካሪዎች ባንድ ጆንያ ከትቶ «ምሥራቅ እንዲህ ይላል» ማለት፣ ለኛ አገር ሰው ሲነገር፣ የቅባትንና የተዋሕዶን ክርክር አንድ ሐሳብ ነው እንደማለት ይቆጠራል። ጥበብን ማክበር የሚጀምረው ክርክሩን በማክበር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከሁሉም የከበደ ነው። ካፕራ የመጽሐፉን መደምደሚያ ያሳረፈው በጄፍሪ ቹ መላምት ላይ ነው። በርክሊ ያስተምር የነበረው ቹ፣ ከቅንጣቶች መካከል መሠረታዊ የሚባል የለም፣ አንዱ በሌላው፣ ሌላውም በአንዱ የተሠራ ነው ይል ነበር። ካፕራም ይህ ሁሉ በሁሉ ውስጥ ነው ከሚለው የቡድሃ ሊቃውንት ትምህርት ጋር አንድ ነው አለ። መላምቱ በ1960ዎቹ ብዙ ተከታይ ነበረው። ዳሩ ግን በኅዳር 1974፣ ማለት መጽሐፉ ሊታተም ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በአሜሪካ ሁለት የምርምር ጣቢያዎች አንድ አዲስ ቅንጣት ተገኘ። አግኚዎቹ ቲንግና ሪክተር በ1976 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት። ግኝቱ ያጠናከረው የቹን ተቃራኒ ነው፤ ኳርክ የሚባሉ መሠረታዊ ቅንጣቶች እንዳሉ የሚያምኑት ወገኖች አሸነፉ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ፊዚክስ የነሱ ነው። ካፕራ በኋለኞቹ እትሞች አዲስ ቃል ጨመረ እንጂ የቹን ነገር አልተወም።

እንግዲህ ጥያቄ አለን። የቡድሃ ትምህርት በቹ መላምት ከተረጋገጠ፣ መላምቱ ሲወድቅ ትምህርቱም ውሸት ሆነ? ካፕራ «የለም» ማለቱ አይቀርም፤ እኛም «የለም» እንላለን። ታዲያ መላምቱ ሲወድቅ የማይወድቅ ከሆነ፣ መላምቱ ሲቆምም አልቆመበትም ነበር ማለት ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ፊዚክስ ክብሩ ስሕተቱን መጣሉ ነው፤ ትናንት ያለውን ዛሬ ያፈርሳል። በ2,500 ዓመት ተሞክሮ የቆየ የነፍስ መንገድ በየአሥር ዓመቱ ከሚለዋወጥ መላምት ጋር ሲታሰር የሚዋረደው መንፈሳዊነቱ ነው። ካፕራ ራሱ በመጽሐፉ መዝጊያ ሁለቱ አንዱ የሌላው ጥገኛ እንዳልሆኑ ያምናል። ይህን መጀመሪያ ላይ ቢያምን ኖሮ ግን ሦስተኛው ክፍል ባልተጻፈ ነበር።

ሦስተኛ፣ የመጠን ነገር። «ሃይዘንበርግ ምንም ነገር እርግጠኛ አይደለም ብሏል፣ ስለዚህ ሕይወትም…» ሲባል እንሰማለን። እንዴ! እንደዚያ አላለም። ሕጉ ቁጥር አለው። ኤሌክትሮንን በአንድ አቶም ስፋት፣ ማለትም በሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ውስጥ ካጠርነው፣ የፍጥነቱ አለመወሰን በሴኮንድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባንድ ሴኮንድ ድሬዳዋን የሚያልፍ ማለት ነው። አሁን ደግሞ አንዲት የጤፍ ፍሬ እንውሰድ። ክብደቷ የሚሊግራም ሲሶ ገደማ ነው። ቦታዋን በሚሊሜትር ሺኛ ጥራት ብናውቅ፣ በሕጉ ምክንያት የግድ የሚቀረው የፍጥነት አለመወሰን እጅግ ኢምንት ነው። በዚያ ፍጥነት ዓለም ከተጀመረ እስከ ዛሬ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሙሉ ብትጓዝ፣ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ፈቀቅ አትልም። ማንም የአራት ኪሎ የሳይንስ ተማሪ በግማሽ ገጽ ሊያሰላው ይችላል። ኳንተም ከሕይወታችን ውጭ ነው ማለታችን አይደለም፤ ድንጋይ ድንጋይ ሆኖ የሚቆየውም፣ ሬዲዮናችን ውስጥ ያለው ትራንዚስተር የሚሠራውም በሱ ነው። ነገር ግን የኛ አለመወሰን፣ ማለት «ላግባ ወይስ ልማር፣ ልሂድ ወይስ ልቅር» የሚለው ጭንቀት፣ ከዚያ አልመጣም።

«ተመልካች» የሚለውም ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። በፊዚክስ መመልከት ማለት ዓይንና ልቡና ያለው ሰው ቆሞ ማየት ማለት አይደለም። መሣሪያ ይበቃል፤ ከኤሌክትሮኑ ጋር የተጋጨች አንዲት የአየር ሞለኪውል እንኳ ትበቃለች። እርግጥ ዩጂን ዊግነር በ1961 የሰው ኅሊና በልኬት ውስጥ ልዩ ቦታ አለው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በኋላ ግን ራሱ ተወው። ስለ ቀመሩ ትርጉም ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም። የኮፐንሃገኖቹ አንድ ይላሉ፤ ቦም በ1952 ሌላ አለ፤ ኤቨሬት በ1957 ሌላ አለ። ሁሉም ሲያሰሉ ግን የሚያገኙት ቁጥር አንድ ነው። ይህ ለኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ቁጥሩ የፊዚክስ ነው፤ ትርጉሙ ግን ገና የፍልስፍና ክርክር ነው። «ኳንተም እንዳረጋገጠው» የሚል ሰው ያልተዘጋ ክርክር እንደ ተዘጋ አድርጎ ይሸጥልናል።

ስለ ጥልፍልፍ ቅንጣቶችም አንድ ቃል እንበል። ጆን ቤል በ1964 ባሳየው መንገድ የተሠሩት ሙከራዎች፣ ተራርቀው ያሉ ሁለት ቅንጣቶች ሲለኩ ከተራ ስምምነት ያለፈ ተዛምዶ እንዳላቸው አረጋግጠዋል፤ አስፔ፣ ክላውዘርና ሳይሊንገር በ2022 ኖቤል ያገኙበት ይኸው ነው። አስደናቂ ነው። ሆኖም በዚህ ተዛምዶ አንዲት ቃል እንኳ መላክ አይቻልም፤ ተዛምዶውም ከአካባቢው ጋር በሚደረግ ትንሽ ንክኪ ይበተናል። እናት የልጇን ሕመም በሩቅ ሆና ከተሰማት፣ ያ ምሥጢር የእናትነት ነው። የቅንጣት ምስክር አያስፈልገውም።

አራተኛውና የቸኮልንበት ነጥብ ማጽናናትን የሚመለከት ነው። ሐዘንተኛን «ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ» ማለት ፋሽን ሆኗል። ሕጉ እውነት ነው። ይህን አሁን በእጃችሁ ያለውን መጽሔት፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ቢሆንና ብታቃጥሉት፣ ጉልበቱ አንዲት ሽራፊ ሳትጎድል ወደ ሙቀትና ብርሃን ይለወጣል። በላዩ የነበረው ግጥም ግን የለም። ሙቀቱን ሰብስቦ ግጥሙን የሚመልስ አይገኝም። ወንድሙን ያጣው ጓደኛችን ያጣው ሙቀት አይደለም፤ አንድ አሳሳቅ፣ አንድ አጠራር፣ አንድ በሩን የሚያንኳኳበት መንገድ ነው ያጣው። ለሱ ጉልበት አልጠፋም ማለት ሐዘኑን አለመስማት ነው። አገራችን ለቅሶ መድረስ የሚባል ነገር አላት፤ ሰው መጥቶ ይቀመጣል፣ ምንም ሳያብራራ። ከዚያ ይሻላል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይሁን፣ ግን ኳንተም ቢያንስ ነጻ ፈቃድን መልሶልናል፤ ዓለም ሰዓት አይደለችምና» ይላሉ። ይህ የተሻለ ክርክር ነው፤ ነገር ግን አያስኬድም። ዕጣና ነጻነት አንድ አይደሉም። እጄ የተነሣው ዳይስ ስለ ተጣለ ከሆነ እኔ አላነሣሁትም። ይህን ያየው የሞገዱ ቀመር ባለቤት ሽሮዲንገር ነው፤ ነጻ ፈቃድን ከኳንተም ዕድል ለመምዘዝ የተደረገውን ሙከራ አልተቀበለም።

ሽሮዲንገርን እዚህ ያነሣነው በከንቱ አይደለም። ከካፕራ በፊት የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ የሕንድን ጥበብ ከልቡ የወደደ እሱ ነው። ሾፐንሃወርንና ቬዳንታን አንብቧል፤ የነፍሶች ሁሉ ምንጭ አንድ ነው ብሎ ያምን ነበር። የዓለም አመለካከቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ የመጀመሪያ ክፍል የጻፈው ግን በ1925 ነው፤ ቀመሩ የወጣው በ1926። እምነቱ ከቀመሩ ቀደመ! ቀመሩ አልወለደውም። በ1943 ደብሊን ላይ ስለ ሕይወት ምንነት ንግግር ሲያደርግ፣ የዘር ምሥጢር ስለተጻፈባት ሞለኪውል የተናገረውን በፊዚክስ ቋንቋ ተናገረ፤ በ1944 በታተመው መጽሐፍ ስለ ራስና ስለ ብራህማን ያመነውን ለብቻው በመጨረሻ አስቀመጠው፣ የራሱ አመለካከት መሆኑንም ሳይደብቅ። ከዚያ መጽሐፍ የፊዚክሱ ክፍል ዋትሰንንና ክሪክን አነሣሣ። መዝጊያውን የማይቀበል ሰው ከፊተኛው ክፍል ምንም አይጎድልበትም። ከካፕራ የሚለየው ይህ ጨዋነት ነው። በየትኛው ባርኔጣ እንደሚናገር ያውቅ ነበር።

ለማጠቃለያ የሚሆን አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1979 የፊዚክስ ኖቤል ለሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ግላሾው፣ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላምና አሜሪካዊው ስቲቨን ዋይንበርግ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ኤሌክትሮማግኔታዊውንና ደካማውን ኃይል በአንድ ቀመር ማዋሐድ። ሰላም አጥባቂ ሙስሊም ነበር፤ በሽልማቱ ግብዣ ላይ ባደረገው ንግግር ቁርኣን ጠቅሷል። ዋይንበርግ በእግዚአብሔር አያምንም ነበር፤ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ዓለም በተረዳናት መጠን ዓላማ ቢስ ሆና እንደምትታይ ጽፏል። እንግዲህ ይሄው፦ ቀመሩ አንድ፣ ሽልማቱ አንድ፣ ልቡ ሁለት። ትርጉሙ ቀመሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ከነዚህ ሁለት ሰዎች የበለጠ ማን ያገኘው ነበር? ሁለቱም ትርጉሙን (ወይም አለመኖሩን) ይዘው የመጡት ከሌላ ቦታ ነው፤ ከቤታቸው፣ ከታሪካቸው፣ ከጸሎታቸው፣ ካዩት መከራ።

ታዲያ ጥያቄው የት ይጠየቅ? እኛ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ» እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳያል። ተራኪው አክሱም አጠገብ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ይኖራል። እዚያ ሆኖ ነው የሚመረምረው። የሰማኝ አምላክ አለን? ሁሉም የኔ ሃይማኖት ልክ ነው ሲል ፈራጁ ማን ነው? እያለ ይጠይቃል፤ ከዚያም በተሰጠው ልቡና ሊመዝነው ይነሣል። ስለ መጽሐፉ ደራሲ ክርክር መኖሩን እናውቃለን። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የጣልያናዊው የካፑቺን መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ፈጠራ ነው አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው በ1970ዎቹ በሰፊው ተከራከሩ፤ ነገሩ ዛሬም አልተቋጨም። ፊርማው የማንም ይሁን፣ የአጠያየቁ መንገድ ግን ጥርት ያለ ነው። ጠያቂው የሌላ ሙያ ክብር አልተዋሰም። የጠየቀው ከዋሻው፣ ከፍርሃቱ፣ ከብቸኝነቱ ተነሥቶ ነው። መልሱን ልንቀበል ወይም ላንቀበል እንችላለን፤ በጾምና በምናኔ ላይ የተናገረውን ብዙዎቻችን አንቀበልም። ጥያቄው ግን የራሱ መሆኑን ማንም አይክደውም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ሁለት ነገር እንላለን። ለገጣሚዎቻችን፦ ኤሌክትሮን የሚለውን ቃል በግጥም ውስጥ ማስገባት አይከለከልም፤ ነገር ግን እንደ ሽቶ ለመዓዛ አትርጩት። የሁለቱን ቀዳዳዎች ሙከራ በትክክል የተረዳ ገጣሚ ካለ፣ ከማንኛውም የኳንተም ስብከት የበለጠ ግጥም ሊወጣው ይችላል፤ እውነቱ ራሱ ይበቃልና። ለአራት ኪሎዎቹ የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ፦ ዝምታችሁ አይደገፍም። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስ መንገድ ነው፤ በእናንተ ስም ያልተባለ ነገር ሲባል እየሰማችሁ «የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ወሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በአማርኛ ጻፉልን። ሞገድና ቅንጣት ማለት ምን እንደሆነ ከእናንተ ካልሰማን ከሻይ ቤት እንሰማለን።

በበኩላችን የካፕራን መጽሐፍ አታንብቡ አንልም። አንብቡት፤ የመጀመሪያውን ክፍል በትጋት፣ ሁለተኛውን በአክብሮት፣ ሦስተኛውን ግን እርሳስ ይዛችሁ። በየገጹ «ይህ ቢወድቅ ያኛው ይወድቃል ወይ?» ብላችሁ በኅዳጉ ጻፉ። የማይስማማን ካለ መልሱን ለሚቀጥለው እትም ይላክልን፤ ስቴንስሉ ከመቆረጡ በፊት ከደረሰ እንዳለ እናወጣዋለን።